ማግ የሚጠብቅ ሸማኔ

ጌታሁን የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ፈቶ ሲያነሳው ከሁሉ በፊት የወጣው ሽታ ነው። ቅባት ቅባት የሚል፣ ሞቅ ያለ፣ ዝናብ መትቶት ፀሐይ የደረሰበት የበግ ጠጉር ሽታ። ቀጥሎ ከማራገቢያው ሥር ጭብጥ የሚሞላ ግራጫ ብናኝ ጎትቶ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«እትዬ አስካለ፣ ይኼ ምንድን ነው? በግ ያሳድሩበታል እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ጌታሁንን ያስጠራሁት ለጨዋታ አልነበረም። ያስጠራሁት ሌባ ነህ ልለው ነበር።

ተጠራጣሪ ነሽ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። መሐል ሜዳ ፍርድ ቤት ታይፒስት ሆኜ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ከሳሽም ተከሳሽም እኩል እየማሉ አንዱ ሲዋሽ ስጽፍ ኖሬ ማንን ልመን? ጡረታ ስወጣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የጽሕፈት አገልግሎት ከፈትኩ። አቤቱታ፣ ውል፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የሰርግ መጥሪያ፣ የመጣልኝን ሁሉ እጽፋለሁ። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ኮምፒውተሩን አሮጌ የባና ቁራጭ አለብሰዋለሁ። ባና ለማያውቅ፣ ከበግ ጠጉር የሚሸመን ወፍራም ብርድ ልብሳችን ነው። በዚህ በመንዝ ብርድ ሰው ባና ደርቦ የሚያድር ከሆነ የማሽኑ ኃጢአት ምንድን ነው ብዬ ነው። ጌታሁን ጎትቶ ያወጣው ብናኝ እንግዲህ የዚያ ባና ጠጉር ነው።

ጌታሁን አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ነው፤ ደብረ ብርሃን ተምሮ መጥቶ እዚሁ ሱቅ ከፈተ። የኛ ነገር የተጀመረው ኮምፒውተሬ ሲንቀራፈፍብኝ ጊዜ ነው። ጠዋት ስከፍተው ሥራ እስኪጀምር ድረስ ቆሜ እጸልይ ነበር። አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ጨርሼ፣ አማትቤ ስቀመጥ ነው የሚነሳው። ጌታሁን መጥቶ አየውና «ዲስኩ ነው መቀየር ያለበት፤ ፋይሎችዎ ሁሉ የሚቀመጡበት ዕቃ ነው፤ አርጅቷል» አለኝ። ዲስኩ ደግሞ ይሠራል። የሚሠራ ዕቃ ይቀየር የሚል ሰው ያጠራጥረኛል። እኔ የሰማሁት የኮምፒውተር አንጎሉ ፕሮሰሰሩ ነው፣ ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው ሲባል ስለሆነ «ከቀየርክ አንጎሉን ቀይር!» አልኩት። ደጋግሞ ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ እኔ ደግሞ በተከራከረኝ ቁጥር ነገር ይሸተኛል። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ አስመጣና «ይኼኛው ከድሮው በእጥፍ ይፈጥናል» አለኝ። በእጥፍ። ያቺን ቃል እንደ ምስክር ቃል ያዝኩበት።

ኮምፒውተሩን ወደ ሱቁ ወስዶ፣ እኔ ሳላይ፣ ቀይሮ መለሰልኝ። በማግስቱ ከፈትኩት። በእጥፍ ከፈጠነ እንግዲህ አቡነ ዘበሰማያት ሳያልቅ መነሳት ነበረበት። አቡነ ዘበሰማያት አለቀ፣ ዝም። በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ጀመርኩ፣ ዝም። መጨረሻዋ ላይ ስደርስ ተነሳ። ያተረፍኩት ማማተቢያዬን ብቻ ነው። ረጅም የፍርድ ግልባጭ ብከፍት ያው ነው፤ ላትም ብል ማተሚያው በለመደው አኳኋን እያጓራ አንድ ወረቀት፣ ደግሞ አረፍ ብሎ አንድ ወረቀት። የቀረው ፍጥነት የት ገባ? ይኼ ልጅ አዲሱን ለሌላ ሸጦ አሮጌውን መልሶ ገጥሞልኛል፤ ከዚህ ሌላ ምን ይሆናል? ሳምንቱን ሙሉ ይኼን ሳብሰለስል ከርሜ ነው ያስጠራሁት።

«አውጣና አሳየኝ» አልኩት ብናኙን ወደ ዳር ገፋ አድርጌ።

«ላወጣው እችላለሁ፣ ግን ስሙን እዚሁ ስክሪኑ ላይ ያዩታል» ብሎ አሳየኝ።

«የጻፍከው አንተ ትሆናለህ።»

«እትዬ አስካለ!»

«ጌታሁን፣ እኔ ነገር አላበዛም። ሚካኤል ደጅ እንሂድና ማልልኝ። ከማልክ አምንሃለሁ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ችሎት ላይ ስንት ሰው ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁና ያዝኩት ብዬ ነበር። ይኼ ከተማ ትንሽ ነው፤ እኔ አንድ ቀን ፍርድ ቤቱ በር ላይ «ጌታሁን ዕቃ ይለውጣል» ካልኩ፣ ነገ ስልክ የሚሰጠው ሰው አያገኝም። እሱም ያውቀዋል። ቀስ ብሎ መፍቻውን አስቀመጠ።

«አልምልም» አለ። «እውነትም ቢሆን በእግዜር ስም አልምልም። ይልቅ እዚህ አጠገቤ ይቀመጡና ይዩት።»

ያ ሽታና ያ ቃል አንድ ላይ ሲመጡብኝ ተቀመጥኩ። ይኼንኑ ቃል፣ በዚሁ የጠጉር ሽታ መሀል፣ ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ያለችው የአባቴ ታናሽ እህት፣ እትዬ ወለላ ናት።

ያኔ መሐል ሜዳ መንገዷ አንድ ነበር። ጭነት መኪና ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል፤ ሕፃን አዋቂው በር ላይ ይወጣል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፤ ስኳሩን ራሱ ባለቤቱ ነው የሚጨምርልህ፣ ለአንተ አይተውልህም። ትልልቆቹ ሰዎች ካኪ ኮት ላይ ጋቢ ይደርባሉ፤ ያለው ጎማ ጫማ ያደርጋል፣ ከተሜው ሸራ። ማእዘኑ ላይ የነበረው ሱቅ ባትሪ ድንጋይ የሚበላ ትልቅ ሬዲዮ ነበረው፤ ባለሱቁ ዘፈን ሲመጣ ድምፁን ከፍ፣ ወሬ ሲመጣ ዝቅ ያደርገዋል፤ ለምን እንደሚያደርገው ትልልቆቹ ያውቁ ነበር፣ እኛ ዘፈኑን ነበር የምንጠብቀው። ዛሬ እዚያ ማእዘን ላይ የስልክ ካርድና የሞባይል ሽፋን ይሸጣል፤ ስፒከሩ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ ዝቅ የሚያደርገውም የለ።

አባቴ የባና ነጋዴ ነበሩ። ነጋዴ ስል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ ከየገበሬው ጠጉር ይገዛሉ፣ አስፈትለው፣ አሸምነው፣ ከደብረ ብርሃን ለሚመጣ ባለመኪና ያስረክባሉ። እትዬ ወለላ ባሏ በልጅነቷ ሞቶባት እኛው ግቢ፣ ጓሮ ባለችው ቤት ትኖር ነበር። ጠጉሩን የምታጥበው፣ የምታደርቀው፣ በደጋን እየነደፈች የምታባዝተው፣ ከዚያ በእንዝርት የምትፈትለው እሷ ናት። ደጁ ላይ ቁርበት አንጥፋ ስትፈትል ዓይኗ እንዝርቷ ላይ፣ ጆሮዋ መንገድ ላይ ነው፤ ያለፈውን ሰው በኮቴው ታውቀዋለች። ቀሚሷ ሁልጊዜ ጠጉር ጠጉር ይል ነበር። እቅፏ ውስጥ ስገባ ያ ሽታ ይቀበለኛል፤ ለኔ የደስታ ሽታ ነበር።

ሸማኔው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከግቢው ማዶ ዳስ ውስጥ ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ከተው ቀስ እያሉ፣ እያረፉ፣ እያወሩ ይሸምናሉ። የእትዬ ወለላ ማግ እሳቸው ዘንድ ተከምሮ ነው የሚውለው። ሽማግሌው ሲደክማቸው አባቴ ከቀየት በኩል በላይነህ የሚባል ሸማኔ አመጡ። ጉድ ነው! መወርወሪያው ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ሲያልፍ ዓይን አይከተለውም። የገበያ ቀን ሰው ገበያውን ትቶ እሱን ሊያይ ይመጣ ነበር። አባቴ ደስታቸው ወሰን አጣ። ለባለመኪናው ከዳሱ በር ላይ ቆመው፣ ሰው እየሰማ፣ «የዚህ ሰው እጅ እጥፍ ነው፤ ለገና እጥፍ ባና አስረክብሃለሁ» አሉት። ያን ጊዜ ደግሞ ሰው ባለበት የተነገረ ቃል ከውል ይጠነክራል።

መጀመሪያ እውነትም ፈጠነ። ከሽማግሌው የተረፈው የማግ ክምር ነበራ! እሱ እስኪያልቅ ባናው ተግተለተለ። ክምሩ ሲያልቅ ግን ሥራው ተጓተተ። ጥዋት ወደ ዳሱ ብቅ ስል በላይነህ ጉድጓዱ ውስጥ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ሲያፏጭ አየዋለሁ። ትንሽ ማግ ሲመጣለት ብድግ አድርጎ ይጨርሰዋል፣ ደግሞ ያፏጫል። ቆንጆ አፏጨጭ ነበረው፤ እኔ እሱን ለመስማት ነበር የምሄደው። ገና ሲደርስ የተሸመነው ባና ካለፈው ዓመት ትንሽ ከፍ ያለ እንጂ እጥፉ የት ደርሶ! ባለመኪናው መጥቶ ቆጠረና አባቴን ሰው መሀል «ወይ እጁ እጥፍ አይደለም፣ ወይ ባናው ሌላ ቦታ ይሄዳል» አላቸው። የሸማኔውን እጅ ሁሉም በዓይኑ አይቶታል። ስለዚህ የቀረው ሁለተኛው ነው።

አባቴ ሽማግሌዎች ሰበሰቡ። ግቢያችን ካለው ጽድ ሥር ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ከአጥሩ ጥግ ቆመው ያዳምጣሉ። በመጀመሪያ በላይነህ ተጠየቀ።

«እኔ ማጉ ይምጣልኝ እንጂ ሽመናው ምን አለኝ?» አለ።

የዛሬ ጆሮዬ ቢኖረኝ፣ ነገሩ እዚያው አልቆ ነበር። ሰውየው ያለው እውነቱን ነው። ግን አንዱም ቃሉን እንዳለ አልሰማውም፤ የሁሉም አንገት ወደ እትዬ ወለላ ዞረ።

«ማጉን ለማን ነው የምትሸጪው?» አሏት አባቴ።

«ጋሼ፣ ለማንም አልሸጥኩም። ያጠብኩት ጠጉር በዚህ ጭጋግ አይደርቅልኝም። መንደፍ አለ፣ ማባዘት አለ፣ እንዝርቴ ያችው ናት። ጠጉሩ ከቤቴ ተከምሯል፤ ገብተው ይዩት።»

«ለማስመሰያ የከመርሽው ይሆናል። ትናንትም እንዝርትሽ ያችው ነበረች፤ ያኔ ለሸማኔው የበቃ ማግ ዛሬ እንዴት አነሰ?»

እትዬ ወለላ አፏን ከፈተች፣ መልስ ግን አጣች። እንደ ድሮዋ ያህል እየፈተለች እንደሆነ ታውቃለች፤ ያኔ ግን በቅቶ አሁን ለምን እንዳነሰ ልትነግራቸው አልቻለችም። ከተቀመጡት ውስጥም የነገራት የለም። ዝምታዋ ፈረደባት።

«እንግዲያው ማይ» አሏት ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሄደሽ ማይና ነገሩ ይለቅ።»

«አልምልም» አለች። «እውነትም ቢሆን በእግዜር ስም አልምልም። ይልቅ ነገ ኑና አጠገቤ ተቀመጡ፤ ከጥዋት እስከ ማታ እዩኝ።»

ማን ይቀመጣል? የመንዝ ወንድ ፈታይ ሴት አጠገብ ቁጭ ብሎ ይውላል? ነውር ነው። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው ጋቢውን አስተካከለ፣ ተነሱ። አልምልም ያለ ሰው ደግሞ ምን እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ እሷ ስታልፍ ጎረቤት ደጅ የተሰጣ ነገሩን ያስገባ ጀመር። ጥምቀት አልፎ ብዙም ሳይቆይ፣ ልብሷን በአንድ ነጠላ ቋጥራ፣ የጭነት መኪና ላይ ወጥታ ወደ መርሐቤቴ ወረደች። ቁርበቷም፣ ደጋኗም እዚያው ደጁ ላይ ቀሩ።

አንጀቴን የሚያቃጥለው የቀጠለው ነው። አባቴ በሷ ምትክ ፈታይ ቀጠሩ፤ ሦስት ሴቶች። ማጉ ሞላ፣ በላይነህ ፉጨቱን ተወ፣ ባናው በዛ። አባቴም ሰው ባለበት ሁሉ «አያችሁ? ትሰርቅ ነበር!» ይሉ ጀመር። ሰዉም ራሱን እየነቀነቀ እውነት ነው ይላል። አንዲቷ የሠራችውን ሦስት ሆነው እየሠሩት እንደሆነ የተናገረ አልነበረም።

እትዬ ወለላ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ አግብታ፣ ወልዳ፣ እዚያው ቀረች። አባቴ ሲሞቱ ለልቅሶ መጣች። ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ አለቀሰችላቸው፤ ከልቧ ነው ያለቀሰችው። እሷ ስትቀመጥ አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ቦርሳቸውን ወደ ጉያቸው ሲስቡ አየሁ። እኔም ነገሩ ብዙ አልገረመኝም። ዛሬ ነው የሚገርመኝ።

«እትዬ አስካለ፣ እየተከተሉኝ ነው?» አለኝ ጌታሁን።

እዚያው ነበርኩ፤ ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች ይታያሉ። ያንን ረጅም የፍርድ ግልባጭ እንድከፍት ነገረኝ፤ ከፈትኩ። አንደኛው መስመር ተነስቶ አናቱን ነካና እዚያው ቀረ። ሌላኛው ታች መሬት ለመሬት ይሄዳል።

«ያ ላይ የወጣው ዲስኩ ነው» አለ። «ፋይሉን እየፈለገ፣ እያነሳ የሚያቀብለው እሱ ነው፤ አቅሙ እዚህ ድረስ ነው። ይኼ ታች የሚሄደው ደግሞ አዲሱ ፕሮሰሰር ነው።»

«ምን እየሠራ ነው?»

«ምንም። እየጠበቀ ነው።»

የበላይነህ ፉጨት ጆሮዬ ላይ መጣ።

«ድሮም ይጠብቅ ነበር» አለ ጌታሁን። «ከሚያልፈው ጊዜ አብዛኛው የዲስኩ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ድርሻ ትንሽ ናት። እኔ በእጥፍ ያፈጠንኩት ያቺን ትንሿን ድርሻ ነው። ሌላው እንዳለ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ለውጥ ያላዩት።» ቀጥሎ የአንድ ትምህርት ቤት ውጤት የሚደመርበትን ትልቅ ሠንጠረዥ ከፈተና አስደመረው። ያኔ ታችኛው መስመር ተወነጨፈ፤ ድሮ ሻይ አስመጥቼ የምጠብቀው ስሌት ዓይኔን ሳልጨፍን አለቀ። «አዩ፣ ስሌት ሲሆን ሥራው የሱ ነው፤ ይፈጥናል። ማተሚያው ግን በራሱ ልክ ነው የሚያትመው። እርስዎ ሲጽፉ ደግሞ ጣትዎን ይጠብቃል።»

የኔን ጣት! እኔ በታይፕ ዘመን ከደብረ ብርሃን የመጡ ሰዎች ቆመው የሚያዩኝ ታይፒስት ነበርኩ። ፍርድ ግን በኔ ጣት ምክንያት አንድ ቀን እንኳ ቀድሞ ወጥቶ አያውቅም። ዳኛው መነጽራቸውን እየወለወሉ አንድ ቃል ይላሉ፣ ያስባሉ፣ ይሰርዛሉ፤ እኔ ጣቴን ቁልፎቹ ላይ አሳርፌ እጠብቃለሁ። ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል ይባላል። ባለጉዳይ ደጅ ቆሞ «ታይፒስቷ አዘገየችው» ሲል በመስኮት ይሰማኝ ነበር። እኔ በሱ ስቃጠል የእትዬ ወለላ ነገር ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

«ዲስኩን ቀይረው» አልኩት። «ግን እዚሁ፣ ዓይኔ ሥር።»

«እሺ፣ አጠገቤ ይቀመጡ» አለ፤ አሁን ፊቱ ወደ ቦታው ተመልሷል።

«ጌታሁን፣ ያልኩህን ይቅር በለኝ።»

«ኧረ ምንም አይደል። ባናውን ግን ያንሱለት።»

እሱ ዕቃ ሊያመጣ ሲወጣ ስልኬን አነሳሁ። ከእትዬ ወለላ ጋር ለበዓል እንደዋወላለን፤ እንኳን አደረሰሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ዝናቡስ፣ እንባባላለን። ያቺን የጽድ ሥር ቀን ግን አንድም ቀን አንስተናት አናውቅም። ልጇ አነሳና አቀበላት። በዓል ባለመሆኑ ደነገጠች።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ። ሸማኔው ይጠብቅ ነበር።»

«ማን ነው ሸማኔው?»

«በላይነህ። ጉድጓዱ ውስጥ እጁን አጣጥፎ ማግ ይጠብቅ ነበር። እኔ አይቼዋለሁ። ሽማግሌው ሲያዘግሙ ያንቺ ማግ ይተርፍ ነበር፤ እሱ ሲፈጥን አነሰ። አንቺ ያው እንደ ድሮሽ ነበርሽ። ለአባባ ጥያቄ መልሱ ይኼ ነው። እትዬ፣ አንቺ አልሰረቅሽም!»

ከኋላዋ ዶሮ ይሰማኛል፣ የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል።

«አለመስረቄንማ አውቃለሁ፣ ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንቺ እስከ ዛሬ ምን መስሎሽ ነበር?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እነዚያ ቦርሳቸውን የሳቡት ሴቶች ታዩኝ። እሷም አልዘጋችውም፤ ትጠብቀኝ ነበር።